ከካይሮ ዛር እስከ ስድስት ኪሎ

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንተ ነገር የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ታሪኩን የሚጀምሩት ከፓሪስ ነው። በ1948 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፒየር ሼፈር የተባለው የፈረንሳይ ራዲዮ መሐንዲስ የባቡርን ፉጨትና የመንኰራኵርን ኳኳታ በሸክላ ቀርጾ፣ የቀረጸውንም እየቈራረጠና እየደጋገመ፣ ከድምፃዊ ጕሮሮ ወይም ከሙዚቃ መሣሪያ ሳይሆን ከተቀረጸ ድምፅ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ በራዲዮ ባሰማ ጊዜ፣ ዓለም የማያውቀው ጥበብ በዚያን ዕለት እንደ ተወለደ ተቈጥሮ ተጻፈ። ሼፈር ለዚህ ጥበብ ስም ያወጣለት፣ ሥርዓትም የደነገገለት ሰው ስለ ሆነ ክብሩን የሚነሣው የለም። ነገር ግን እርሱ ባቡሩን ከመቅረጹ 4 ዓመት አስቀድሞ፣ በሴን ወንዝ ዳር ሳይሆን በዓባይ ዳር፣ በካይሮ ከተማ፣ የእርሻ ትምህርት ይማር የነበረ አንድ ወጣት ይህንኑ ጥበብ በተግባር አውሎት ነበር፤ የቀረጸውም ድምፅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ያልሆነ የዛር ዜማ ነበር። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባለው ይህ ሰው ከ18 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲያችን ያስተማረ፣ የማሲንቆውን፣ የክራሩንና የእምቢልታውን ባለሙያ በአንድ መድረክ ያሰለፈ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው፤ ይህም ሐተታ የተጻፈው ስለዚሁ ነው።

ከሥራው ጋር የተዋወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በሸክላ ነው። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ፣ የጃዝና የማርሽ ባንድ ሸክላዎች ተደራርበው አቧራ ከሚጠጡበት ክምር ውስጥ፣ ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በ1964 ያወጣው፣ «የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል» የሚል ርእስ የያዘ አንድ ሸክላ ወጣ። ነጋዴው የሚገዛው አጥቶ የተወው ዕቃ ስለ ነበር በዋጋው ብዙ አልተከራከረም። ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ለተመለከተው ሰው የመጀመሪያው ገጽ በሁለት ልሙጥ ቀለበቶች ለሦስት ተከፍሎ ይታያል፤ ድምፅ የበረታበት የመስመሩ ስፍራ ሻካራ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ዝምታ ያለበት ደግሞ እንደ ጥቁር ሐር ለስልሶ ይጨልማል። ከሦስቱ ክፍሎች መካከለኛው ከሁሉ ጠባቡ ነው። በዚያች ጠባብ ቀለበት ውስጥ ያለው፣ ከ5 ደቂቃ ብዙም የማይበልጠው ሥራ፣ ኤል ዳብ በ1959 የደረሰው «ለይላና ባለቅኔው» ነው።

በአገራችን ሸክላ ከዘፈን ጋር የተቈራኘ ነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ጀምሮ፣ ዐምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ እስካቋቋመበትና ከዚያም ወዲህ፣ ሰው ሸክላ የሚገዛው የሚወደውን ድምፃዊ ቤቱ ለማስገባት ነበር። ይህ የአሜሪካ ሸክላ ግን ድምፃዊም ባንድም የለውም። በላዩ የተሰለፉት ስድስት የሙዚቃ ደራስያን ናቸው፤ አገራቸውም ልዩ ልዩ ነው። ቡለንት አረል የኢስታንቡል ሰው ነው፤ ማሪዮ ዳቪዶቭስኪ ከአርጀንቲና የመጣ ነው፤ ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ከሩሲያውያን ወላጆች በማንቹሪያ ተወልዶ የባቢሎናውያንን የሥነ ፍጥረት ጽሑፍ ለመዘምራን ያዜመ ነው፤ ሚልተን ባቢትና ኦቶ ሉኒንግ አሜሪካውያን ናቸው፤ ስድስተኛው ግብፃዊው ነው። አምስቱ ሁሉ የተማሩ፣ በጥበባቸው የሚከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም የማንንም ሥራ አላቃልልም። ይሁን እንጂ መርፌው ከአረል ሥራ ወደ ኤል ዳብ ሥራ በተሻገረ ጊዜ፣ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሰው ሰፈር የገባ ያህል ይሰማል።

ታሪኩ የጥንቱ የዓረብ ፍቅር ታሪክ፣ የለይላና የመጅኑን ነገር ነው። በሥራው ውስጥ የሚናገር የሰው ድምፅ አለ፤ ያ ድምፅ ግን እንደ ተናገረ አይተውም። አንድ ጊዜ ዘግይቶ እንደ ሽማግሌ ይወፍራል፤ አንድ ጊዜ ፈጥኖ እንደ ሕፃን ይቀጥናል፤ የራሱን ገደል ማሚቶ እያሳደደ ይሄድና መልሶ በራሱ ላይ ይወድቃል። በመካከሉ ዋሽንት መሰል ድምፅ ብቅ ይላል፤ ከሥሩ የከበሮ ምት ይሮጣል፤ የግብፅን አዘፋፈን የሚያስታውስ እንጕርጕሮም ይሰማል። መኪና የሠራው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን መኪናው ራሱን አያሳይም፤ የሰውን ስሜት ተሸክሞ ያልፋል እንጂ። የዘመኑ ብዙ ሥራዎች መሣሪያው ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት የተደረሱ በመሆናቸው ዛሬ የትምህርት ቤት ሙከራ ሆነው ሲታዩ፣ ይህ ሥራ ያላረጀበት ምክንያት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ደራሲው ወደ መሣሪያው የቀረበው አስቀድሞ የሚያዜመው ነገር ይዞ ስለ ነበረ ነው። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ደግሞ ወደ ካይሮ መመለስ ያስፈልጋል።

ሐሊም ኤል ዳብ በመጋቢት 1921 ካይሮ ውስጥ ሳካኪኒ በተባለው ሰፈር፣ ከላይኛው ግብፅ ፈልሶ ከመጣ የቅብጥ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። ልጅነቱ የካይሮ የሙዚቃ ሕይወት ከሞላበት ዘመን ጋር ገጠመ፤ ገና 11 ዓመት ሲሆነው፣ በ1932፣ ቤላ ባርቶክንና ፓውል ሂንደሚትን የመሰሉ የአውሮፓ ሊቃውንት የተገኙበት ትልቁ የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ በዚያው በከተማው ተደረገ። እርሱ ግን ለኑሮው የመረጠው የእርሻ ትምህርትን ነበር፤ በዚህም ሙያ ወደ ገጠር እየወጣ ሳለ ጆሮው ከሰብሉ ይልቅ በየመንደሩ በሚሰማው ዘፈንና ልቅሶ ላይ ያተኵር ጀመር። ከቤተ ክርስቲያኑ ዜማም ጋር ያደገ ሰው ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል የኖረች፣ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን በ1959 ካይሮ ላይ ያስሾመች በመሆኗ፣ ይህ ሰው በኋላ አዲስ አበባ ሲደርስ ፈጽሞ ወደማያውቀው ዓለም አልገባም።

በ1944 ኤል ዳብ ከካይሮው የመካከለኛው ምሥራቅ ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ መኪና ተዋሰ። ይህ መኪና ምን ዐይነት እንደ ነበር ማወቅ ይገባል፤ ሥራው ሁሉ በእርሱ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነውና። የጥብጣብ መቅረጫ (ቴፕ) ገና በሰው እጅ ባልተዳረሰበት በዚያ ዘመን ድምፅ የሚታተመው ከሰው ጠጕር ብዙም በማይወፍር የብረት ሽቦ ላይ ነበር። ብልሃቱን በ1898 ያወጣው ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን ነው። ሽቦው በሴኮንድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተሳበ በማግኔቱ ፊት ያልፋል፤ ለአንድ ሰዓት ቀረጻም ከ2 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሽቦ በጥቅሉ ላይ ይሄዳል። በመካከል ቢበጠስ ባለሙያው ሁለቱን ጫፎች በጣቱ ቋጥሮ ትርፉን በመቀስ ይከረክመዋል፤ ቋጠሮው በማግኔቱ ፊት ሲያልፍ ከቅጽበት ያነሰ ድምፅ ይጠፋል እንጂ ሌላው አይጐዳም። ከጥቅሉ አምልጦ የተተረተረ ጊዜ ግን ውሉን ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ብዙ ንግግርና ብዙ ዘፈን እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። መኪናው ከባድ ስለ ነበር እንደ ዛሬው መሣሪያ በኪስ ከትተው የሚዞሩበት አልነበረም።

ይህን ሸክም ይዞ ኤል ዳብ ከአንድ ባልንጀራው ጋር የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ስፍራ ሄደ። ሥርዓቱ የሴቶች ጉባኤ ነበርና ወንድ አይገባበትም፤ ስለዚህ ሁለቱ ወጣቶች እንደ ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበው እንደ ገቡ ኤል ዳብ በኋላ ዘመን ተርኳል። የሴቶቹን ዜማና ጩኸት በሽቦው ላይ ቀርጸው ወጡ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ትንሽ ቆም ማለት ይገባዋል። የዛር ነገር ወደ ግብፅ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛው አገርና ከሱዳን በኩል፣ አብዛኛውንም በባርነት በተወሰዱ ሰዎች አማካይነት ነው ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት በሰፊው ያጠና ሲሆን፣ ዛሩ የሚወርድበት ሰው የዛሩ ፈረስ መባሉን፣ የቡናውን፣ የዕጣኑን፣ የጭብጨባውንና የከበሮውን ሥርዓት እየተከታተለ ጽፏል። በግብፅም ታንቡራ የሚሉት ክራር መሰል መሣሪያ ለዛር ይመታል፤ የክራራችን ዘመድ መሆኑን ቅርጹ ብቻ ይመሰክራል። የዛርን ነገር ቤተ ክርስቲያን የምትነቅፈው መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኔም ለሥርዓቱ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን ባሪያ ሆና የተሸጠች ሴት ሌላ ምንም ይዛ መሄድ ባልቻለችበት መንገድ ዜማዋን ይዛ መሄዷን፣ ያም ዜማ ከትውልድ በኋላ በካይሮ ጓዳ ውስጥ መገኘቱን፣ ከዚያም በዓለም የመጀመሪያ ከሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ለአንዱ ጥሬ ዕቃ መሆኑን ሳስብ፣ ስለዚህ ጥበብ የሚጻፈው ታሪክ ይህችን ሴት ፈጽሞ አለማንሣቱ ያሳዝነኛል።

ቀረጻው ከተገኘ በኋላ ኤል ዳብ ያደረገው ከሁሉ ይደንቃል። የተቀረጸውን ሁሉ እንዳለ ለማሰማት አልፈለገም። እያንዳንዱ የሰው ድምፅ ዋናውን ድምፅ የሚከተሉ ብዙ ረቂቃን ድምፆች እንዳሉት የታወቀ ነው፤ እርሱም በራዲዮ ጣቢያው መሣሪያዎች የኤሌክትሪኩን ኀይል እየለዋወጠ፣ ግድግዳዎቹ ወዲያና ወዲህ በሚንቀሳቀሱበት ክፍል ውስጥ ቀረጻውን እያሰማና መልሶ እየቀረጸ፣ ግድግዳውን ሲያርቅ ማሚቶው እየሰፋ፣ ሲያቀርብ እየጠበበ፣ ዋናውን ድምፅ ከላዩ እየገፈፈ ረቂቃኑን ብቻ አስቀረ። ሴቶቹ የሚሉት ቃል ጠፋ፤ ከቃሉ በታች የነበረው ንዝረት ቀረ። ከ20 ደቂቃ የሚበልጠውን ይህን ሥራ በዚያው በ1944 በካይሮ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር አዳራሽ በተደረገ ትርኢት ላይ አሰማው፤ ስሙንም «የዛር መግለጫ» አለው። ማኒፌስቶ አልጻፈለትም፤ ትምህርት ቤት አላቋቋመበትም፤ የፓሪሱ ሥራ ታሪክ ሆኖ ሲጻፍ የእርሱ በካይሮ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ስለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። በ1949 ካይሮ በሚገኘው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል ፒያኖ ተጫውቶ፣ ስለ ፍልስጥኤሙ ጦርነት የደረሰው ሥራ ስም አስገኘለት፤ በዓመቱ የፉልብራይት የትምህርት ዕድል ተሰጥቶት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአሮን ኮፕላንድ ዘንድ ተማረ፤ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ጓድ «ክሊተምኔስትራ» የተባለውን ትልቅ ሥራ በ1958 ደረሰ። ኒው ዮርክ ውስጥ በ125ኛው መንገድ ላይ ወደሚገኘው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማእከል የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ማእከሉ የሮክፌለር ድርጅት በ1959 በሰጠው 175,000 ዶላር የቆመ ሲሆን፣ አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዘው፣ ከሺሕ የሚበልጡ አምፖሎች ያሉት፣ ትእዛዙን በተበሳ ወረቀት የሚቀበለው የአር ሲ ኤ ማቀነባበሪያ መኪና የሚገኝበት ነበር። ሚልተን ባቢት ይህን መኪና የወደደው እያንዳንዱን ድምፅ በሒሳብ ልክ እንደ ወሰነው ስለሚያወጣለት ነው። ኤል ዳብ ግን ጥብጣቡንና መቀሱን አበለጠ፤ ከሰው አፍና ከከበሮ ገጽ የሚወጣውን ድምፅ እየቀረጸ ከመኪናው ድምፅ ጋር ማጋባት ፈለገ። የማእከሉ የመጀመሪያ ኮንሰርት በግንቦት 1961 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲደረግ «ለይላና ባለቅኔው» ከተሰሙት ሥራዎች አንዱ ነበር፤ ሸክላው ግን የወጣው ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

ያ ሸክላ በሱቅ በዋለበት ዓመት ደራሲው ኒው ዮርክ ውስጥ አልከረመም። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ አዲስ አበባ ተቀምጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1961 ቤተ መንግሥቱን ከንጉሠ ነገሥቱ በስጦታ ተቀብሎ በስድስት ኪሎ የተከፈተ፣ ገና ሁሉን ነገር አዲስ የሚጀምርበት ጊዜ ነበርና፣ ለኤል ዳብ የመሰለ ሰው የተመቸ ስፍራ ሆነለት። በ1963 ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ በኋላ ቍጥራቸው እስከ 30 ደረሰ። ዛሬ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ሲሰለፉ ማየት የለመደ ሰው ነገሩ ከጥንት የነበረ ይመስለዋል። ነገር ግን ማሲንቆ የአዝማሪ ነበር፤ እምቢልታና መለከት የመኳንንት ሰልፍና የቤተ መንግሥት ክብር ነበሩ፤ በገና የጸሎት መሣሪያ፣ በጾም ወራት በብቸኝነት የሚደረደር ነበር። እነዚህን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወንበር የነበራቸውን መሣሪያዎች በአንድ ጉባኤ ማስቀመጥ በብዙዎች ዘንድ ድፍረት ሆኖ ቢታይ አይፈረድም።

ኤል ዳብ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሰው ነበር የምለው ለከንቱ ውዳሴ አይደለም። የበገናን ነገር እንመልከት። አሥሩ አውታር በድልድዩ ላይ ሲያልፉ በእያንዳንዱ ሥር እንዚራ የተባለች ቍራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳይቱን እየነካ ስለሚነዝር ያ ሁላችን የምናውቀው የበገና ጕምጕምታ ይወጣል። ጕምጕምታው ከዋናው ድምፅ ይልቅ ተከታዮቹን ረቂቃን ድምፆች የሚያጐላ ነው፤ ማለትም ኤል ዳብ በካይሮ በሚንቀሳቀስ ግድግዳና በኤሌክትሪክ ሲሻው የነበረውን ነገር፣ የበገና ጠራቢዎቻችን በቍራጭ ቆዳ ካገኙት ቈይተዋል። የእምቢልታም ጥበብ እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው ሙሉ የሚሆነው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ድምፆቹ እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ ሲሄዱ ነው። ጥብጣብ እየቈረጠ ቍራጮቹን ሲቀጥል የኖረ ሰው እምቢልተኞችን በሰማ ጊዜ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያስቸግርም። የመኪና ሙዚቃ የሚባለው ነገር ከትውፊት ጋር ጠላት ነው የሚሉ ሰዎች በአገራችንም በውጭም አሉ፤ የዚህ ሰው ሕይወት ግን ሁለቱን በአንድ ጆሮ የሰማ ሰው ሊኖር እንደሚችል ያስረዳል።

ኤል ዳብ በ1964 ሲሄድ ኦርኬስትራው አልፈረሰም። ከአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጣው ጆን ኮ ለ2 ዓመት መራው፤ ከ1966 ጀምሮ ተስፋዬ ለማ ተረክቦት ወደ ሙሉ ክብሩ አደረሰው። በ1969 የኦርኬስትራው ባለሙያዎች ማሲንቆ ከተማረው ከሰላም ጓዱ ከቻርልስ ሰተን ጋር አሜሪካ ድረስ ተጉዘው አሳዩ። ተስፋዬ ለማ በኋላ ኑሮውን በዋሺንግተን አካባቢ አድርጎ የአገሩን ሙዚቃ ለስደተኛው ወገኑ ሲያቈይ ኖረ፤ ኦርኬስትራው ግን በ1975 ተበትኗል። ኤል ዳብም በበኩሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 እስከ 1991 ደግሞ ኦሃዮ በሚገኘው በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1970 ወታደሮች በዚያ ግቢ ተማሪዎችን በጥይት በገደሉ ጊዜ እዚያው ነበርና፣ በዓመቱ ስለዚሁ ኀዘን ኦፔራ ደረሰ። በመስከረም 2017 በ96 ዓመቱ በኬንት ከተማ ዐረፈ።

የ1944ቱ የሽቦ ሥራ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ከቈየ በኋላ 2 ደቂቃ ያህል ክፍሉ በሲዲ ታትሞ ለሕዝብ ደረሰ። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቀረጻዎች ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ2007 እንደ 23ኛ ቅጽ ወጡ። ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ምሽት ሊሰማቸው ይችላል፤ የሚሰማም ቢሆን የሽቦውን እንዲያስቀድም እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚያች 2 ደቂቃ ውስጥ የሚያስተጋባው የሴቶች ድምፅ ከጎንደር ቤት ውስጥ የወጣ ነው ቢባል ለማመን የሚያስቸግር አይደለም።